ማንም ማንንም የማይወድበት መጽሐፍ

«ጋሼ፣ ማንም ማንንም የማይወድበት መጽሐፍ አለህ?» አለችኝ የሚስቴ ታናሽ እህት፣ ገና የፀጉር ቤቱን በር ከፍቼ ወለሉን እየጠረግሁ ሳለ። መጥረጊያው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ይህችን ልጅ ሚጢጢ ነው የምንላት፤ ቁመቷ ግን የበሩን ጉበን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። መደርደሪያው ላይ ያሉትን የፍቅር መጻሕፍት አንድም ሳታስቀር ያነበበች፣ ካነበበችም በኋላ ደንበኛውን ሁሉ «እሱን ተዪው፣ ይህን ውሰጂ፤ መጨረሻው ላይ ስትደርሺ መሐረብ ያዢ» እያለች የምትመክር፣ በከተማው ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ የምትገኝ አንባቢ ናት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እጮኛዋ ፋርማሲስቱ ከእናቱ ጋር መጥቶ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ነው። ቀኗ የሚቆረጥላት ሴት በጠዋት ተነስታ ማንም ማንንም የማይወድበት መጽሐፍ ስትጠይቅ ዝም ይባላል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«ዘንዶ ያለበት ይሁንልሽ?» አልኳት፣ ፊቷን በጎን እያየሁ።

«ዘንዶው ያገባል?»

«ኧረ አያገባም፤ ከተማ ያቃጥላል እንጂ።»

«እሱን ስጠኝ» አለችና ወፍራሙን መጽሐፍ ብብቷ ሥር ወሽቃ፣ ፀጉር ቤቱን ከመኖሪያችን የሚለየውን መጋረጃ ገልጣ ገባች። ፈገግ እንኳ አላለችም።

እኔን የማያውቅ ሰው ካለ ይወቀኝ። ፀጉር ቤቱ የባለቤቴ ነው፤ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ የእኔ ነው። ሴቶች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሲቀመጡ ሰዓቱ አይገፋም፤ መስታወትም ቢሆን ያው ፊት ነው፣ ይሰለቻል። ያን ጊዜ እኔ አለሁላቸው። የመጽሐፍ ኪራዩ ከአንድ ስኒ ሻይ አይበልጥም፤ ምክሬ ግን በወርቅ አይገዛም። የምመርጥላቸው በፀጉራቸው ነው። ጫፍ ብቻ ለምትቆረጥ አጫጭር ታሪክ እሰጣለሁ። ቢጎዲን ለምታስጠቀልል፣ በቤተሰብ የተለያዩ ሁለት ፍቅረኞች፤ ቢጎዲኑ ሲፈታ እነሱም ይገናኛሉ። ሙሉ ሹሩባ ለምትሠራ ደግሞ ባለ ሦስት ቅጹን የአስማት መጽሐፍ፤ የመጨረሻዋ ጉንጉን ስታልቅ ንጉሡ ዙፋኑን ያስመልሳል። አንዲት ሴት የመረጥኩላትን ስታነብ ፀጉሯ እስኪያር ድረስ ከካስኩ አልነሳም ብላ ሰፈሩ በሙሉ የተቃጠለ ነገር ሸቶታል። ሌላዋ ደግሞ «ከዚህ ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ብላ ልትጠይቀኝ በአውሮፕላን መጥታ፣ ጠይቃኝ፣ በአውሮፕላን ተመልሳለች። ባለቤቴ «አክስቷ ታማ ነው የመጣችው» ትላለች፤ ቅናት ነው። ሐኪም «ምላስሽን አሳዪኝ» ይላል፣ እኔ «ያነበብሽውን አሳዪኝ» እላለሁ። አስማት ትታ ፍቅር የምትጠይቅ ሴት ሰው አግኝታለች። ፍቅር ትታ ዘንዶ የምትጠይቅ ሴት ግን፣ ወይ ያላት ሰው አስጠልቷታል፣ ወይ ሌላ ሰው አለ። ሦስተኛ ነገር የለም። ተሳስቼም አላውቅ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህን ጋብቻ የሠራሁት እኔው መሆኔ ነው። ፋርማሲስቱ ለእናቱ የፀጉር ቅባት ልገዛ ብሎ ገብቶ ሚጢጢን ያየ ዕለት ቅባቱን ረሳው፣ መልሱን ረሳው፣ በሩ የት እንደሆነ ረስቶ በመስታወቱ በኩል ሊወጣ ነበር። በማግስቱ «ጃንጥላ ረስቻለሁ» ብሎ መጣ፤ ዝናብ ከቆመ ስንት ጊዜው! ጎተት አድርጌ ወደ ጥግ ወሰድኩትና «ልጄ፣ መናገር ትችላለህ?» አልኩት። «ስለ መድኃኒት ከሆነ…» ብሎ መሬት መሬት አየ። አንጀቴን በላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አከምኩት። ሚጢጢ የወደደቻቸውን፣ በተለይ ያለቀሰችባቸውን መጻሕፍት እየመረጥኩ በፋርማሲው ከረጢት እየጠቀለልኩ ሰጠሁት፤ የመርከበኛውን፣ የዓይነ ስውሩን ሙዚቀኛ፣ አስማተኛይቱን ንግሥት ያፈቀረውን አናጢ። ሴት ልጅን ለማወቅ የወደደችውን ከማንበብ የበለጠ ምን መንገድ አለ? «የጣፈጠህን በቃልህ ያዝ፤ ጊዜው ሲደርስ ተናገረው» አልኩት። ያዘ፤ ተናገረም። ቀለበት አሰረላት። እሱ የጨጓራዬን መድኃኒት ይሰጠኛል፣ እኔ የልቡን። ታዲያ እንዲህ ለፍቼ የሠራሁትን ቤት ማን መጥቶ ሊያፈርሰው ነው?

ጠረጋውን ትቼ ተከትያት ወደ ጓዳ ገባሁ። የሶፋው ልብስ ታጥቦ ገና እርጥብ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ለእንግዶቹ ቦታ ይልቀቅ ተብሎ ማቀዝቀዣው ላይ ወጥቷል፤ ከጎረቤት የተዋስናቸው ሁለት ወንበሮች ከእኛዎቹ ጋር ሊመሳሰሉ ተደርድረው ጭራሽ አሳጥተውናል። እህትማማቾቹ በአንድ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው ድንች ይልጣሉ። ባለቤቴ ስለ ሥጋ ዋጋ ለግድግዳው ታወራለች፤ «ለአንድ ኪሎ የጠራብኝን ዋጋ ድሮ በሬው ራሱ በሕይወት እያለ አያወጣም ነበር!» የሚጢጢ ልጣጭ በረጅሙ ሳይቆረጥ ከእጇ ይወርዳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አንዷ የምታውቀው፣ ሌላዋም ማወቋን የምታውቀው፣ እኔ ግን እንዳላውቀው የተስማሙበት ዝምታ ነው። ዓይኔን ጣል ሳደርግ ቀለበቷ ከጣቷ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

«ቀለበትሽስ?» አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ነገሩ እንዳይገባት።

«ድንች እየላጠች እኮ ነው!» አለች ባለቤቴ። «በቀለበት ድንች ይላጣል? አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን በላህ?»

«መጽሐፍ ጠየቀችኝ።»

«ታዲያ ልታስራት ነው? ሠርግ የቀረባት ሴት ትፈራለች። እኔ ስንት ቀን እንደፈራሁ አንተ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ባለቤቴ ፈርታ ታውቃለች ብዬም አስቤ አላውቅም። ይህን ነገር ለሌላ ጊዜ አስቀምጬው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ካስኩ ሥር አንዲት የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ተቀምጣ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ መጽሐፍ ስትመርጥም የሚጢጢን ምክር ከእኔ ምክር ታስበልጣለች፤ ይቅር ብያታለሁ። ምስጢር ከሷ ማውጣት ፈለግሁና ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋት። ካስክ ሥር ያለ ሰው ግን ራሱ ስለማይሰማ ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋል፤ «ሚጢጢ?» ብላ ስትጮህ ሰፈሩ ተናጋ። «ሚጢጢማ ከእንግዲህ የፍቅር መጽሐፍ አታንብቡ አለችን! ጓደኞቿን ሁላችንንም! ‹በኋላ ሰው ሲያናግራችሁ ድሮ የሰማችሁት ይመስላችኋል› አለችን! ጋሼ፣ ይኼን ያህል ምን ብሏት ነው ልጁ?» ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በግንባሬም በቅንድቤም ለመንኳት፤ እሷ ግን «ምን? አልሰማህም!» ብላ ጨመረችበት። ከመጋረጃው ጀርባ የቢላዋው ድምፅ ቆመ፤ ቆይቶም ቀጠለ።

ሰው ሲያናግራት! እንግዲህ የሚያናግራት ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ማን ነው? የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ጎረምሳ ነው? እሱ እንኳ ቁጥር እንጂ ሌላ ሲያነብ አይቼው አላውቅም። ወይስ ከፊት ለፊት ያለው ፎቶ አንሺ? ሰውን ሁሉ «ፈገግ በሉ» ሲል ሚጢጢ ከልቧ ፈገግ ብላለት ይሆናል። እንዲህ ሳውጠነጥን ሚጢጢ ዘንቢል ይዛ ወጣች፤ ለእንግዶቹ ለስላሳና ሎሚ ልትገዛ። «ሳሙና ሊያልቅብን ነው» ብዬ ተከተልኳት። በወጣትነቴ ወታደር ሆኜ ቢሆን ኖሮ ጠላት ዓይኑን ሳያሽ በማረክሁት ነበር፤ እንደ ጥላ ነው የሄድኩት። ለስላሳ የሚሸጥበትን ሱቅ አለፈችው። ሎሚ ሻጯንም አለፈች። ዋናውን መንገድ ተሻግራ ወደ ግራ ስትታጠፍ፣ ፍራሽ ተደርድሮ የሚሸጥበት ደጃፍ ላይ ደረስኩና ከአንዱ ባለ ድርብ ፍራሽ ጀርባ ተሸጎጥኩ።

ሚጢጢ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ወዲህ ቆማለች። እጇን ከፀሐይ መከለያ አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ ታያለች። እኔም አየሁ። ፋርማሲስቱ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ጆሯቸው ለደከመ አንድ ሽማግሌ አንድ ነገር ያስረዳል። በጣቱ ያሳያል፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ የመድኃኒቱን ካርቶን አዙሮ በእስክሪቢቶ ፀሐይ ሣለበት፣ ከጎኑ ጨረቃ ሣለበት፤ ሽማግሌው ሳቁ። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ይቁነጠነጣል፤ እሱ ቸኩሎ አያውቅም። ሚጢጢ ገብታ ሰላም ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልገባችም። ብቻ ቆማ አየችው፤ የሆነ ነገር ጠፍቷት ከእሱ ላይ እንደምትፈልግ። ከዚያ ዞራ ወደ ለስላሳው ሱቅ ተመለሰች።

«ወንድም፣ ትገዛለህ ወይስ ትተኛለህ?» አለኝ ፍራሽ ሻጩ።

«ዝም በል፤ ነገር እየተከታተልኩ ነው። እጮኛውን ተደብቆ የሚያይ ሰው ምን ይባላል?»

ፍራሽ ሻጩ እኔን ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥሎም የተሸጎጥኩበትን ፍራሽ አየና «አንተ ታውቃለህ» አለኝ።

እንግዶቹ በሰዓታቸው መጡ። የፋርማሲስቱ እናት ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ከወንበር ወንበር እየዘለለ የተዋስናቸውን ሁለቱን ሳይሳሳት ለየ። «ቤቱ የራሳችሁ ነው?» አሉ። «ኪራይ ነው፣ ግን ባለቤቱ እንደ ወንድሜ ነው፤ ሽጬልህ ልገላገል እያለ እግሬ ሥር ይወድቃል» አልኩ። ባለቤቴ የሩዙን ሳህን ከተለመደው ጠንከር አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፋርማሲስቱ ከረባቱን አሥሮ፣ ላብ ላብ ብሎት፣ ሚጢጢ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ስለ ድንቹ ተወራ፤ በቅቤ ነው በዘይት። ስለ መንገዱ ቁፋሮ ተወራ። ስለ ሥጋ ዋጋ ባለቤቴ የበሬዋን ነገር ደገመችው፤ የፋርማሲስቱ እናት ሳይስቁ «እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ሹካ ብቻ ሆነ። በሹካው ድምፅ ውስጥ ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥራል፤ እናትየው ወንበሩን፣ ባለቤቴ እኔን፣ እኔ ሚጢጢን፤ ሚጢጢ ደግሞ ከልጁ ፊት ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«መቼም ልጄ ተለውጦልኛል» አሉ እናትየው፣ ዝምታውን ለመስበር። «ድሮ የፈተናውን እንኳ እያንቀላፋ ነበር የሚያነበው። አሁን በሩን ዘግቶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ሲያነብ እሰማዋለሁ።»

«መስታወት ፊት?» አለች ሚጢጢ።

ልጁ ሩዙ ትን አለው። ውሃ እያቀበልኩት ጊዜው አሁን ነው ብዬ በቅንድቤ ገፋሁት፤ ነገር ሲጠብ የጣፈጠ ቃል ነው የሚያሰፋው። እሱም ምስኪን፣ ታዛዥ ነውና፣ ተነስቶ ቆመ፤ ከረባቱን አስተካከለ። «አንቺን ሳላገኝ፣ ወደብ የሌለኝ መርከብ ነበርኩ» አለ። «ማዕበሉ…»

«ማዕበሉ ወዴት እንደሚወስደኝ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን መልሕቄን በዓይኖችሽ ውስጥ ጣልኩ» አለች ሚጢጢ፣ ስልክ ቁጥር እንደሚነግር ሰው፣ ድንቿን እየቆረጠች። «ከዚያ እሷ ታለቅሳለች። እኔም አልቅሻለሁ። ባለፈው ሳምንት የሙዚቀኛውን አልከኝ፤ ከዚያ በፊት የአናጢውን። ያለቀስኩበትን ገጽ ሁሉ አንድ በአንድ መልሰህ ነገርከኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እንደኔ አንባቢ ነው ብዬ። በኋላ ግን አንተን ፈለግሁህ፤ አጣሁህ። የማገባው ማንን ነው? መርከበኛውን ነው?»

ልጁ ከረባቱን ላላ አደረገ።

«አንድ ነገር» አለችው፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «አጭር ይሁን፣ አይመር፣ አይጣፍጥ፤ ብቻ የራስህን ንገረኝ። አለበለዚያ ዛሬ የሚቆረጥ ቀን የለም።»

ልጁ አንገቱን አዙሮ እኔን አየኝ።

እኔን ባያይ ምን ነበረበት! የሱን ዓይን ተከትላ ባለቤቴ አየችኝ፤ የባለቤቴን ዓይን ተከትለው እናትየው አዩኝ። ሚጢጢ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ! አንተ ነህ?»

«እኔ ንባብን ነው የመከርኩት» አልኩ። «ንባብ ደግሞ መቼም…»

«እንግዲያው እናንተው ተጋቡ!»

ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች። እናትየው ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ከፍ አደረጉ። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ቃል ያጣሁት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው፤ እሷም ረጅም አልነበረችም።

«መጀመሪያ ያየሁሽ እዚህ አይደለም» አለ ልጁ። እንደቆመ ነው፤ እኔን ማየቱን ግን ትቷል። «ሽሮፕ ልትመልሺ መጥተሽ ነው። ማሸጊያው ተነስቷል አልሽኝ፤ አልተነሳም አልኩሽ። ሌላ አምጣ አልሽ። ሰልፉ በሙሉ እያየ ብልቃጥ በብልቃጥ አስደረደርሽኝ። አንቺ ነበርሽ ትክክል። ከሄድሽ በኋላ መደርደሪያውን በሙሉ ስፈትሽ ሌሎችም የተነሱ አገኘሁ፤ ሕፃናት ሊጠጡት የነበረ። ፈራሁሽ። ቤትሽን አጠያይቄ የመጣሁትም እየፈራሁ ነው፤ ዛሬም እፈራሻለሁ። የራሴን ከተናገርኩ እንደ ሽሮፑ የምትመልሺኝ መሰለኝ።»

ተቀመጠ። ሚጢጢ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች፤ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ፀጉር ቤቱ ወጣች። እናትየው ዝግ ብለው ወደ እኔ ዞሩና «ይኸኛውስ ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው የእኔም ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር ከሰው ሆድ ዝም ብሎ ይወጣል? ለዚያውም ከፋርማሲስት!

ሚጢጢ ከጠፋው ካስክ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ቀለበቱን በጣቷ ላይ ታዞረዋለች። ከመንገድ የሚገባው የከሰዓት ብርሃን መጽሐፎቼ ጀርባ ላይ አርፏል።

«በፍቅሮቹ ውስጥ የለም» አለችኝ ቀና ሳትል። «እነሱን እኔ አውቃቸዋለሁ። የአስማቶቹን ግን ዛሬ መጀመሬ ነው። አንተ ሁሉንም አንብቤያለሁ ትላለህ፤ ፈልግልኝ ጋሼ። ሽሮፕም ባይሆን፣ ሰው ሰውን ‹ፈራሁሽ፤ የምትመልሺኝ መሰለኝ› የሚልበት ካለ ቀለበቱን ገብቼ ሳህኑ ጎን አስቀምጥለታለሁ። ከሌለ ይቁረጡ ቀኑን። ሁለተኛ አልታለልም።»

መፈለግ ጀመርኩ። እኔ እንኳ መጽሐፎቼን በቃሌ ነው የማውቃቸው፤ ለእርግጠኝነት ያህል ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ጀመርኩ። ንጉሦች እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ጠንቋዮች ይዝታሉ፤ አንድ ፈረሰኛ ለአንዲት ልዕልት «ሞትን አልፈራም» ይላታል። ሁሉም ምንም አይፈሩም። አንዱን ዘግቼ ሌላውን እከፍታለሁ፤ ጣቴ በላብ ገጹን ያጣብቀዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ማንኪያ ስኒ ውስጥ ይዞራል፤ ባለቤቴ ስለ ሥጋ ዋጋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር፣ ልጁ በቀጭን ድምፅ «እውነት ነው» ሲላት ይሰማል። ሚጢጢ ጣቶቼን ሳይሆን ፊቴን ነው የምታየው። እንዲህ ተጠራጥሮ የሚያይ ሰው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«አገኘኸው?» አለችኝ።

በእኔ አፍ ላይ ስንት ነገር ተንጠልጥሎ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

«የለም» አልኳት።

«ሁሉንም አየህ?»

«ሁሉንም! አንድ በአንድ፤ መግቢያቸውን፣ ሽፋናቸውን፣ የታተሙበትን ዓመት ሳይቀር። እኔ እኮ ነኝ!»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ልጅ ሆና እዚህ ቤት ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ቃሌን ለአሥር እያካፈለች ያደገች ናት፤ አሁንም ስታካፍል ታየኝ። ከዚያ ተነሳች። ቀሚሷን በእጇ ዳበስ አደረገች፤ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ቀጥሎም የእናትየው ድምፅ «እንግዲህ ቁጭ በዪ ልጄ፤ ወሩን እንነጋገር» ሲል።

እኔ ከሁለተኛው መደርደሪያ እንኳ ገና አልወረድኩም ነበር። ቀጥሎ ጣቴ ያረፈበት ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ በአስማተኞች ከተማ ስለሚኖር አንድ ዓይን አፋር መድኃኒት ቀማሚ ይተርካል። ለፋርማሲስቱ በከረጢት ጠቅልዬ ሰጥቼው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። መጽሐፉን ሳልከፍተው ከሌሎቹ ጀርባ፣ ግድግዳው ጋ ወሸቅኩትና «መቼ ሆነ ቀኑ?» እያልኩ ገባሁ።